ራሴ ኮምፓይል ያደረግኩት ኢሙሌተር ከተርሚናል ይነሳል፣ ከአይከን ግን አይነሳም

#1 ጨረር64

ዶልፊንን (የጌምኪዩብና የዊ ጌሞችን የሚያጫውተውን ኢሙሌተር) ከምንጭ ኮዱ በሲሜክና በኒንጃ፣ በመገንቢያ መሣሪያዎቹ፣ ገንብቻለሁ። ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ገብቼ ./ባይነሪስ/ዶልፊን-ኢሙ ስል ይነሳል፣ ጌምም ያለ ችግር ያጫውታል። ከሜኑ ግን እምቢ አለ። ኡቡንቱ ነው፣ ዴስክቶፑ ኖም፣ በዌይላንድ (መስኮቶችን የሚያሳየው፣ የኤክስ11 ተተኪ)። ፕሮግራሙን ለሜኑው እንዲያስተዋውቅ የጻፍኩት የ.ዴስክቶፕ ፋይል ከታች ነው። ቁልፎቹንና ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ናቸው።

[ዴስክቶፕ ኤንትሪ]
ታይፕ=አፕሊኬሽን
ኔም=ዶልፊን
ኤግዜክ=ሲዲ ~/ሶርስ/ዶልፊን/ቢልድ && ./ባይነሪስ/ዶልፊን-ኢሙ
አይከን=ዶልፊን.ፒኤንጂ
ተርሚናል=ፎልስ

ፋይሉን ዴስክቶፑ ላይ ሳስቀምጠውና ሁለቴ ስጫነው በጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። ~/.ሎካል/ሼር/አፕሊኬሽንስ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ ሜኑው ላይ ጭራሽ አይታይም። የዲስክ ፋይል ሁለቴ ሲጫኑትም በዚሁ እንዲከፈት እፈልጋለሁ።

#2 ባለሼል

የኤግዜክ መስመር የሼል ትዕዛዝ አይደለም። ዴስክቶፑ መስመሩን በክፍት ቦታዎቹ ይቆራርጠዋል፤ የመጀመሪያውን ቃል ፕሮግራም፣ የቀሩትን አርጉመንት አድርጎ በቀጥታ ያስነሳል። መሃል ላይ ባሽ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ &&፣ ~፣ $ሆም፣ > የሚሉት ሁሉ እዚያ ተራ ፊደላት ናቸው።

ሲዲ ደግሞ የሼሉ የውስጥ ትዕዛዝ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ በዚህ ስም ዲስኩ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም አታገኝም። ኖም የሚጠቀምበት ጂሊብ ፋይሉን ሲያነብ የኤግዜክን የመጀመሪያ ቃል ይፈልጋል፤ ካጣው ፋይሉን በሙሉ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ሜኑው ላይ ያልታየህ ለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

እንዲህ አስተካክለው፦

[ዴስክቶፕ ኤንትሪ]
ታይፕ=አፕሊኬሽን
ኔም=ዶልፊን (ከምንጭ የተገነባ)
ኤግዜክ=/ሆም/ጨረር/ሶርስ/ዶልፊን/ቢልድ/ባይነሪስ/ዶልፊን-ኢሙ %ኤፍ
ፓዝ=/ሆም/ጨረር/ሶርስ/ዶልፊን/ቢልድ
አይከን=/ሆም/ጨረር/ሶርስ/ዶልፊን/ዳታ/ዶልፊን-ኢሙ.ኤስቪጂ
ተርሚናል=ፎልስ
ካተጎሪስ=ጌም;ኢሙሌተር;

%ኤፍ የሚከፈተው ፋይል አድራሻ የሚገባበት ቦታ ነው። ፓዝ የሚለው ቁልፍ ከሼሉ ፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት፤ እዚህ ትርጉሙ «ፕሮግራሙን ከዚህ ፎልደር ውስጥ ሆነህ አስነሳ» ነው። ካልጻፍከው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከቤት ፎልደርህ ነው፤ ፋይሎቹን «./ዳታ» እያለ የሚፈልግ ኢሙሌተር ያኔ ምንም አያገኝም። ከተርሚናል የሚነሳው አስቀድመህ በሲዲ ቦታው ላይ ስለቆምክ ነው።

አይከን ላይ ወይ ሙሉ አድራሻ ከነቅጥያው ጻፍ፣ ወይ ያለ ቅጥያ ስሙን ብቻ። በስም ከሆነ ምስሉ ~/.ሎካል/ሼር/አይከንስ/ሃይከለር/256ኤክስ256/አፕስ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ኤስቪጂ ከሆነ በ256ኤክስ256 ፈንታ ስኬለብል። ያንተው «ዶልፊን.ፒኤንጂ» ከሁለቱም አይደለም።

ጽፈህ ስትጨርስ ዴስክቶፕ-ፋይል-ቫሊዴት በሚለው ትዕዛዝ አስመርምረው። ንጹሕ ከሆነ ምንም አይልም። ግን የሚያየው ሰዋስውን ብቻ ነው፤ አድራሻው እውነት መኖሩን አያጣራም።

#3 ቀይፔንግዊን

የጽሑፍ ማረሚያው ጉዳይ ሌላ ነው። አፕሊኬሽንስ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል የማስኬድ ፈቃድ አይጠይቅም። ዴስክቶፑ ላይ ሲቀመጥ ግን ይጠየቃል፤ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል የፕሮግራም አይከን ለብሶ እንዳያታልል ነው።

ኖም ላይ መጀመሪያ ሲኤችሞድ +ኤክስ ትለዋለህ፤ ከዚያ በቀኝ ክሊክ «አላው ላውንቺንግ» የሚለውን ትመርጣለህ። በትዕዛዝ ከሆነ፦ ጊዮ ሴት ፋይሉ ሜታዳታ::ትረስትድ ትሩ። ኡቡንቱ የዴስክቶፕ አይከኖችን የሚያሳየው በኤክስቴንሽን ነው፤ ኤክስቴንሽኑ በሌለበት ኖም ላይ የዴስክቶፕ አይከን የሚባል ነገር አይኖርም። ኬዲኢ ላይ የማስኬጃ ፈቃዱ ዋናው ነገር ነው። ኤክስኤፍሲኢ በአዲሶቹ ስሪቶች የፋይሉን ቼክሰም ይመዘግባል፤ ስለዚህ አንዲት ፊደል በቀየርክ ቁጥር እንደገና «ታምነዋለህ?» ይልሃል።

በኔ አስተያየት ዴስክቶፑ ላይ አታስቀምጠው። አፕሊኬሽንስ ውስጥ አድርገህ ከሜኑው ወደ ዶኩ ብትሰካው ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

#4 ኒንጃ_ቢልድ

@ባለሼል ፋይሉ ትክክል ነው፤ አካሄዱ ግን አይመቸኝም። አይከንን ከቢልድ ፎልደር ጋር ማሰር ማለት ቢልዱን ባጸዳህ ቁጥር አይከኑ ይሞታል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙ ኢሙሌተሮች የዳታ ፎልደራቸውን አድራሻ ኮምፓይል ሲደረጉ ውስጣቸው ይቀርጹታል። ዶልፊን «ሲስ» የሚለውን ፎልደር የሚፈልገው ሲሜክ ላይ በሰጠኸው ፕሪፊክስ (ፕሮግራሙ በሚጫንበት ዋና ፎልደር) ስር፣ ሼር/ዶልፊን-ኢሙ/ሲስ ውስጥ ነው። ምንም ካልሰጠኸው ፕሪፊክሱ /ዩኤስአር/ሎካል ነው። ያልተጫነ ቢልድ በደረቁ ሊነሳ ይችላል፤ ግን ቴሞቹ፣ ሼደሮቹና ለየጌሙ የተዘጋጁት ማስተካከያዎች እዚያ ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ ይጎድሉታል።

ሁለት ንጹሕ መንገድ አለ።

አንደኛው በቤትህ ውስጥ መጫን፦
ሲሜክ -ኤስ . -ቢ ቢልድ -ጂ ኒንጃ -ዲሲሜክ_ቢልድ_ታይፕ=ሪሊዝ -ዲሲሜክ_ኢንስቶል_ፕሪፊክስ=/ሆም/ጨረር/.ሎካል
ሲሜክ --ቢልድ ቢልድ
ሲሜክ --ኢንስቶል ቢልድ

ሱዶ አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ~/.ሎካል/ቢን ውስጥ፣ ዳታው ~/.ሎካል/ሼር ውስጥ ይገባል፤ የ.ዴስክቶፕ ፋይሉና አይከኑም ከምንጭ ኮዱ ጋር የመጡት በየቦታቸው ይቀመጣሉ። አንድ ወጥመድ ብቻ ተጠንቀቅ፦ ፕሪፊክሱን መጀመሪያ ኮንፊገር ስታደርግ ስጥ። በመጨረሻው እርምጃ «--ኢንስቶል ቢልድ --ፕሪፊክስ ሌላ_ቦታ» ብትል ፋይሎቹ ወደዚያ ይገለበጣሉ፤ ባይነሪው ውስጥ የተቀረጸው አድራሻ ግን የድሮው ሆኖ ይቀራል። ሌሎች ኢሙሌተሮች «ተነስቶ ምንም አያሳይም» የሚባሉት ከዚህ የተነሳም ጭምር ነው።

ሁለተኛው የዶልፊን ራሱ የገንቢዎች አማራጭ፦ -ዲሊኑክስ_ሎካል_ዴቭ=ትሩ ብለህ ትገነባለህ፣ ዳታ/ሲስን ወደ ባይነሪስ ትገለብጣለህ፣ ከጎኑ ፖርተብል.ቲኤክስቲ የሚባል ባዶ ፋይል ትፈጥራለህ። ያኔ ሴቭና ሴቲንግ ሁሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይሆናል፤ ከዲስትሮው ፓኬጅ ወይም ከፍላትፓክ (ከዲስትሮው ተለይቶ የሚጫን ፓኬጅ) ስሪት ጋር አይጋጭም። አዲስ ኮድ የሚሞክር ሰው ይህን ይምረጥ፤ ለዘወትር ጨዋታ የመጀመሪያው ይሻላል።

#5 ሺቢት

ከላይ ያለውን የሚጭን ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከምንጭ ኮዱ የሚመጣው የ.ዴስክቶፕ ፋይል ኤግዜክ ላይ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ሙሉ አድራሻ የለውም። ስለዚህ ~/.ሎካል/ቢን በዴስክቶፕ ሴሽኑ ፓዝ ውስጥ መኖር አለበት። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ .ፕሮፋይል ይህን ፎልደር ወደ ፓዝ የሚጨምረው በሎግኢን ሰዓት ፎልደሩ ካለ ብቻ ነው። ፎልደሩን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈጠርከው ወጥተህ እስክትገባ ድረስ አይከኑ ሜኑ ላይ አይታይም። ሴሽኑን መዝጋት ካልፈለግክ የተጫነውን ፋይል ከፍተህ ሙሉ አድራሻውን ጻፍበት።

ኬዲኢ ለሚጠቀሙ ደግሞ፦ የኬዲኢ ፋይል ማኔጀርም ስሙ ዶልፊን ነው። የእሱ ትዕዛዝ «ዶልፊን»፣ የኢሙሌተሩ «ዶልፊን-ኢሙ»። አጭሩን ጽፎ ፎልደር ሲከፈትለት የሚደናገር ብዙ ነው።

#6 ጨረር64

በ@ኒንጃ_ቢልድ የመጀመሪያ መንገድ ጫንኩት፤ ሙሉ አድራሻ ሰጠሁት። አሁን ሜኑው ላይ በአይከኑ ይታያል። ስጫነው ግን ጠቋሚው ትንሽ ይሽከረከርና ያበቃል። ተርሚናል ላይ ጂቲኬ-ላውንች ዶልፊን-ኢሙ ስል ይነሳል! የ.ዴስክቶፕ ፋይሉ ያው አንድ ፋይል ነው። ሊያግዝ የሚችል መረጃ፦ ኤስዲኤልንም (ኢሙሌተሩ የሚጠቀምበትን ላይብረሪ) ራሴ ገንብቼ /ኦፕት/ኤስዲኤል ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ .ባሽአርሲ ውስጥ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ (ላይብረሪ የት እንደሚፈለግ የሚናገረው ተለዋዋጭ) ወደዚያ ይጠቁማል።

#7 ሎግአንባቢ

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ መልሱን ይዟል፤ ግን በግምት አንሂድ፣ ስህተቱን ራሱን አውጣው።

ተርሚናል ላይ ጆርናልሲቲኤል --ዩዘር -ኤፍ ብለህ ክፍት ተወውና አይከኑን ተጫን። ኖም በሲስተምዲ በኩል ስለሚሠራ ፕሮግራሙ ወደ ስክሪን ሊጽፈው የነበረው ሁሉ እዚያ ይወጣል። «ኢረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ» የሚል መስመር እጠብቃለሁ። በድሮዎቹ የኤክስ11 ሴሽኖች ~/.ኤክስሴሽን-ኢረርስ የሚባለውን ፋይል ማየት ነው።

ጂቲኬ-ላውንች ለምን አሳሳተህ? ፋይሉን አንብቦ የሚያስነሳው እሱ ነው፤ እሱን ያስነሳው ግን ተርሚናልህ ነው። የባሽህን ተለዋዋጮች በሙሉ ወርሷል። የፋይሉን አጻጻፍ ለመፈተን ጥሩ ነው፣ አካባቢውን ለመፈተን ግን ዋጋ የለውም። ከአይከን ጋር የሚቀራረብ ፈተና ከፈለግክ፦

ሲስተምዲ-ራን --ዩዘር --ፓይፕ --ዌት /ሆም/ጨረር/.ሎካል/ቢን/ዶልፊን-ኢሙ

ይህ በተጠቃሚው ሲስተምዲ በኩል ያስነሳዋል፤ የተርሚናልህን ተለዋዋጮች ሳይወርስ ስህተቱን እዚያው ተርሚናልህ ላይ ያሳይሃል። በኮድ 127 ከሞተ ላይብረሪ ጠፍቷል ማለት ነው። ከሼል በቀጥታ ስታስነሳው 126 ከሰጠህ ፋይሉ አለ ግን ማስኬድ አልተፈቀደም፤ ኖኤግዜክ ተብሎ ማውንት የተደረገ ተጨማሪ ዲስክ ላይ የገነቡ ሰዎች ይህን ያያሉ።

#8 ኒንጃ_ቢልድ

ከቢልድ ፎልደር ሲሠራ የነበረው ከተጫነ በኋላ ለምን እንቢ እንዳለ ላብራራ፤ ሰው «መጫን አበላሸው» ብሎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ።

ሲሜክ ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ያለው ባይነሪ ላይ የላይብረሪዎቹን አድራሻ፣ አርፓዝ የሚባለውን፣ ራሱ ይጽፍበታል። ሲጭን ግን ሆን ብሎ ይፍቀዋል፤ የተጫነ ፕሮግራም የሲስተሙን ላይብረሪዎች ይጠቀማል ብሎ ስለሚያስብ። ያንተ ኤስዲኤል /ኦፕት ውስጥ ነው፤ ሲስተሙ እዚያ አይፈልግም። ተርሚናል ውስጥ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ክፍተቱን ይደፍንልሃል። ከአይከን ሲነሳ ግን .ባሽአርሲን የሚያነበው የለም። ኡቡንቱ ላይ ፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ «ኢንተራክቲቭ ካልሆነ ተመለስ» የሚል ቁራጭ ስላለ ሌላ ስክሪፕት ቢጠራውም እንኳ ከዚያ በታች ያለው አይደርስም።

ትክክለኛው ማስተካከያ ሲሜክን እንዲህ ማለት ነው፦
-ዲሲሜክ_ኢንስቶል_አርፓዝ_ዩዝ_ሊንክ_ፓዝ=ኦን

ከሲስተሙ ውጭ ያሉት የላይብረሪ አድራሻዎች በተጫነው ባይነሪ ላይም ይቀራሉ። እንደገና መገንባት ካልፈለግክ ፓችኤልፍ --ሴት-አርፓዝ /ኦፕት/ኤስዲኤል/ሊብ ከዚያም የባይነሪው ስም፤ በቀጣዩ ኢንስቶል ግን ይጠፋል። ውጤቱን ሪድኤልፍ -ዲ ላይ «ራንፓዝ» የሚለውን መስመር በማየት አረጋግጥ። ኤልዲዲም ይሠራል፤ ግን አሁን ባለህበት ተርሚናል ከጠየቅከው ያው ተለዋዋጭ ያሳስተዋል። ስለዚህ፦
ኤንቭ -ዩ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ኤልዲዲ ~/.ሎካል/ቢን/ዶልፊን-ኢሙ
«ኖት ፋውንድ» የሚል እስካለ አይከኑ አይነሳም።

#9 ባለሼል

አንድ ጭማሪ፦ ራንፓዝ የሚያገለግለው ባይነሪው በቀጥታ ለሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ብቻ ነው። /ኦፕት ውስጥ ያለው ላይብረሪ በተራው ሌላ የ/ኦፕት ላይብረሪ የሚፈልግ ከሆነ ለእሱም የራሱ ራንፓዝ ያስፈልገዋል። ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ ኤልዲኮንፊግ ይቀላል፦ /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ አድራሻው የተጻፈበት አንድ የ.ኮንፍ ፋይል፣ ከዚያ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ። ያኔ ግን ያንተ ኤስዲኤል ለሌሎቹ ፕሮግራሞችም ሊደርሳቸው ይችላል፤ እኔ ለኢሙሌተር ብዬ አላደርገውም።

/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ የጫኑ ሰዎች ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አድራሻው ቀድሞም ተመዝግቧል፤ የሚረሱት ከጫኑ በኋላ ኤልዲኮንፊግን ማስኬድ ነው። ፌዶራ ላይ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ64ን ራሳቸው መጨመር አለባቸው።

#10 ሺቢት

ተለዋዋጩን ~/.ኮንፊግ/ኢንቫይሮመንት.ዲ ውስጥ ማስገባትስ? ሴሽኑ በሙሉ ያየዋል።

#11 ባለሼል

@ሺቢት ለፓዝ ጥሩ ቦታ ነው። ለኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ግን አልመክርሽም፤ ኖም ሼሉ ራሱ፣ ብራውዘሩ፣ ሁሉም በዚያ ላይብረሪ መነሳት ይጀምራሉ። አንዱ ስሪት አልስማማ ቢል ሎግኢን ማድረግም ሊያስቸግር ይችላል። ተለዋዋጭ የግድ ካስፈለገ ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ ይሁን፦

ኤግዜክ=ኤንቭ ኪውቲ_ኪውፒኤ_ፕላትፎርም=ኤክስሲቢ /ሆም/ጨረር/.ሎካል/ቢን/ዶልፊን-ኢሙ %ኤፍ

ይህኛው ምሳሌ ኪውቲ (የዶልፊንን መስኮቶች የሚሠራው ላይብረሪ) በዌይላንድ ሲያስቸግር በኤክስዌይላንድ (የኤክስ11 ፕሮግራሞችን ዌይላንድ ላይ የሚያሠራው) በኩል እንዲሄድ የሚያደርገው ነው፤ የጌሙ መስኮት ባዶ ከሆነ ወይም ከዋናው መስኮት ተነጥሎ ከተንሳፈፈ ይሞከር። ልብ በሉ፣ አሁን የመስመሩ የመጀመሪያ ቃል ኤንቭ ነው፤ ኤንቭ ደግሞ ሁልጊዜ አለ። ኢሙሌተሩ ቢጠፋም አይከኑ ሜኑው ላይ ይቀራል፣ ሲጫኑት ዝም ይላል። ትራይኤግዜክ የሚባለው ቁልፍ እዚህ ነው የሚጠቅመው፦ የኢሙሌተሩን ሙሉ አድራሻ ትሰጪዋለሽ፣ ፋይሉ ከሌለ አይከኑ ይደበቃል። ችግር እየፈለግሽ ባለሽበት ሰዓት ግን አውጪው፤ የጠፋ አይከን ከማይነሳ አይከን የባሰ ያደክማል።

ከሁለት ተለዋዋጭ በላይ ከሆነ ስክሪፕት ጻፊ፦

#!/ቢን/ኤስኤች
ኤክስፖርት ኪውቲ_ኪውፒኤ_ፕላትፎርም=ኤክስሲቢ
ኤግዜክ /ሆም/ጨረር/.ሎካል/ቢን/ዶልፊን-ኢሙ "$@" >/ሆም/ጨረር/.ካሽ/ዶልፊን.ሎግ 2>&1

"$@" በጥቅስ ውስጥ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለው የዲስክ ፋይል ለሁለት ይሰበራል። የሼሉ ኤግዜክ ደግሞ ስክሪፕቱን በኢሙሌተሩ ይተካዋል፤ ከጀርባ ትርፍ ሼል አይቀርም፣ ኢሙሌተሩ ሲሞትም ዴስክቶፑ በቀጥታ ያውቃል። ሲኤችሞድ +ኤክስ እንዳይረሳ። ስክሪፕቱ በዊንዶውስ ማረሚያ ከተጻፈ በመስመር መጨረሻ የሚገባው ስውር ምልክት የመጀመሪያውን መስመር ያበላሸዋል፤ ፋይሉ ዓይንሽ እያየው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልሻል።

#12 ሎግአንባቢ

«ኤስኤች -ሲ» ብለን እዚያው ኤግዜክ ላይ ብንጽፈውስ የሚል እንዳይመጣ፦ ይቻላል፣ ግን መስፈርቱ የሚያውቀው ድርብ ጥቅስን ብቻ ነው። ነጠላ ጥቅስ አንዳንዱ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል፣ ቫሊዴተሩ ግን ይቃወማል። የዶላር ምልክት በጥቅስ ውስጥ ሁለት የኋላ ስላሽ ይፈልጋል። የፐርሰንት ምልክት ራሱን ለመጻፍ %% ይባላል። %ኤፍን በጥቅስ ውስጥ ማስገባት ደግሞ አይፈቀድም፤ ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ቢኖርም ዴስክቶፑ እንደ አንድ አርጉመንት ስለሚያሳልፈው ጥቅስ አያስፈልገውም። ከዚህ ሁሉ ሦስት መስመር ስክሪፕት ይሻላል።

#13 ጨረር64

የጆርናሉ መልእክት የተባለው ሆኖ ተገኘ፤ ኤስዲኤል ነው የጠፋው። በሊንክ ፓዝ አማራጩ እንደገና ጫንኩት፣ ከአይከን ይነሳል። የቀሩ ሁለት ነገሮች፦ የዲስክ ፋይል ሁለቴ ሲጫኑት እንዲከፈት፣ እና ዶኩ ላይ የሰካሁት አይከን እያለ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከጎኑ ሌላ የማርሽ ምልክት ያለው አይከን መምጣቱ።

#14 ቀይፔንግዊን

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ነው። ዴስክቶፑ መስኮቱን ከ.ዴስክቶፕ ፋይል ጋር የሚያገናኘው በመለያ ነው። ዌይላንድ ላይ መለያው አፕ አይዲ ይባላል፤ ከፋይሉ ስም (ቅጥያውን ትተህ) ጋር መመሳሰል አለበት። ፋይሉን በራስህ ስም ሰይመኸው ከሆነ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ኦልት+ኤፍ2 ተጭነህ ኤልጂ ብለህ ስትጽፍ የኖም መመርመሪያ ይከፈታል፤ ዊንዶውስ በሚለው ገጽ ላይ የእያንዳንዱን መስኮት መለያ ታያለህ። ያንን ቃል፣ ትልልቅና ትንንሽ ፊደሉን ሳትቀይር፣ ስታርትአፕደብሊውኤምክላስ= ብለህ ፋይሉ ላይ ጨምር። በኤክስ11 ወይም በኤክስዌይላንድ የሚሄድ ከሆነ ኤክስፕሮፕ ደብሊውኤም_ክላስ ብለህ መስኮቱን ጠቅ አድርግ፤ ከሚመጡት ሁለት ቃላት ሁለተኛውን ውሰድ። ከዚያ ከዶኩ ነቅለህ እንደገና ስካው።

ለዲስክ ፋይሎች መጀመሪያ ሲስተሙ ፋይሉን ምን ብሎ እንደሚያውቀው ጠይቅ፦
ኤክስዲጂ-ማይም ኩዌሪ ፋይልታይፕ ጌም.አይኤስኦ
የጌምኪዩብ ወይም የዊ ዲስክ መሆኑን ካወቀ አፕሊኬሽን/ኤክስ-ጌምኪዩብ-ሮም ወይም አፕሊኬሽን/ኤክስ-ዊ-ሮም ይላል። እነዚህን ማይምታይፕ= በሚለው ቁልፍ ላይ በ; እየለየህ ጻፍ፣ ከዚያ፦
አፕዴት-ዴስክቶፕ-ዳታቤዝ ~/.ሎካል/ሼር/አፕሊኬሽንስ

ይህን ትዕዛዝ የሚፈልገው የማይምታይፕ ለውጥ ነው፤ ስም ወይም ኤግዜክ ስትቀይር አያስፈልግም። ጠቅላላውን የአይኤስኦ ዓይነት ለኢሙሌተሩ አትስጥ። የሊኑክስ መጫኛ አይኤስኦዎችም ሁሉ በዶልፊን መከፈት ይጀምራሉ።

#15 ኒንጃ_ቢልድ

አርቪዜድን (የዶልፊንን የተጨመቀ የዲስክ ፋይል ዓይነት) ሲስተምህ ካላወቀው ራስህ አስተዋውቀው፦ ~/.ሎካል/ሼር/ማይም/ፓኬጅስ ውስጥ ግሎብ ፓተርን «*.አርቪዜድ» ያለበት ትንሽ ኤክስኤምኤል ፋይል፣ ከዚያ አፕዴት-ማይም-ዳታቤዝ ~/.ሎካል/ሼር/ማይም። የመረጥከውን የዓይነት ስም .ዴስክቶፕ ፋይሉ ላይም ድገመው።

ሌላው ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ፦ ዶልፊን -ኢ የሚል አማራጭ ስላለው «ዶልፊን-ኢሙ -ኢ %ኤፍ» ብሎ መጻፍ። ከሜኑው ሲነሳ ፋይል የለም፣ %ኤፍ ይጠፋል፣ -ኢ ብቻውን ይቀርና ፕሮግራሙ በስህተት ይወጣል። ዶልፊን ፋይሉን ያለ አማራጭም ስለሚቀበል %ኤፍ ብቻ ይበቃል። ፋይልን የግድ በአማራጭ የሚፈልግ ሌላ ኢሙሌተር ከሆነ ሁለት የ.ዴስክቶፕ ፋይል ጻፍ፤ ለሜኑው አንዱ ያለ ፋይል፣ ሁለተኛው ከነአማራጩ፣ ከነማይምታይፑና ኖዲስፕለይ=ትሩ ተብሎበት። ሂድን=ትሩ እንዳትል፤ እሱ ፋይሉ እንደተሰረዘ ነው የሚያስቆጥረው፣ የዲስክ ፋይሉም አይከፈትም።

#16 ሺቢት

የዲስትሮው ስሪትም አብሮ ላለው፦ ~/.ሎካል/ሼር/አፕሊኬሽንስ ውስጥ ያለ ፋይል በ/ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ስም ፋይል ይቀድማል፣ ያኛውን ይሸፍነዋል። ሁለቱም እንዲታዩ ከፈለግክ ስሙን ቀይረው፤ ያኔ @ቀይፔንግዊን ያለውን የመስኮት መለያ መስመር ትፈልጋለህ። ፍላትፓኩ ስሙ ኦርግ.ዶልፊንኢሙ.ዶልፊን-ኢሙ ስለሆነ በስም አይጋጭም፤ ሁለት አይከን ጎን ለጎን የሚታየው በዚህ ነው። ኔም= ላይ «ከምንጭ» የሚል ቃል መጨመር ሁልጊዜ ያዋጣል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ በአማርኛ መጻፍም ይቻላል።

ሁለት የግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተሩ ከአይከን ሲነሳ የሚዘገይ ከሆነ ፕሪፈርስኖንዲፎልትጂፒዩ=ትሩ የሚል መስመር ጨምሩ።

#17 ሎግአንባቢ

ሱዶ የተጠቀመ ሰውም ይህን ክር ያነበዋልና፦ ኢሙሌተሩን አንዴ እንኳ በሱዶ አስነስተኸው ከሆነ ~/.ኮንፊግ/ዶልፊን-ኢሙ ወይም ~/.ሎካል/ሼር/ዶልፊን-ኢሙ ውስጥ የሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ንብረት የሆኑ ፋይሎች ሊቀሩ ይችላሉ። ከአይከን በራስህ ስም ሲነሳ መጻፍ አይችልም፤ ወይ ሴቲንግ አያስቀምጥም፣ ወይ ይዘጋል። ኤልኤስ -ኤል ብለህ እይ፣ ቾውን -አር በራስህ ስም አስተካክል። ጆይስቲኩ ያለ ሱዶ አይታይም ብለው የሚያደርጉት አሉ፤ የዚያ መፍትሔ የዩዴቭ (የሚሰኩ መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው) ደንብ ነው። ከምንጭ ኮዱ ጋር ዳታ ውስጥ 51-ዩኤስቢ-ዲቫይስ.ሩልስ አለ፤ /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ ውስጥ ገልብጠህ ሱዶ ዩዴቭአድም ኮንትሮል --ሪሎድ በል፣ መሣሪያውን ነቅለህ ሰካ።

#18 ጨረር64

ሁሉም ሠራ፤ የዶኩ አይከንም አንድ ሆነ። አመሰግናለሁ። ኮዱን ሳድስ የ.ዴስክቶፕ ፋይሉን መንካት ይኖርብኛል?

#19 ኒንጃ_ቢልድ

አይ። ጊት ፑል፣ ጊት ሰብሞጁል አፕዴት --ኢኒት --ሪከርሲቭ፣ ቢልድ፣ ኢንስቶል። አድራሻው ስላልተለወጠ አይከኑ እንደነበረ ይቀጥላል። እጅህን የምታስገባው ኢንስቶሉ የራሱን የ.ዴስክቶፕ ፋይል መልሶ ከጻፈብህ ነው፤ ለውጥህን በሌላ ስም በተቀመጠ ቅጂ ላይ ብታደርገው አይነካብህም። ለማራገፍ ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ኢንስቶል_ማኒፌስት.ቲኤክስቲ የሚባል ዝርዝር ስላለ እሱን አታጥፋ፤ እዚያ የተዘረዘሩትን መሰረዝ ነው።

ዲስትሮህን ወደ አዲስ ስሪት ስታሳድግ ግን ተዘጋጅ። ዶልፊን የኪውቲን የውስጥ ክፍሎች ይጠቀማል፤ ኪውቲ ሲቀየር የድሮው ባይነሪ በ«ፕራይቬት_ኤፒአይ» ስም የሚያማርር መልእክት ሰጥቶ ሊሞት ይችላል። ፋይሉ በቦታው ስላለ ትራይኤግዜክ አይደብቀውም፣ አይከኑም ያው ነው፤ ሲጫኑት ብቻ ዝም ይላል። ቢልድ ፎልደሩን ሰርዘህ ከሲሜክ ጀምሮ እንደገና ገንባው፤ በአሮጌው የሲሜክ ካሽ ላይ ብትገነባ የድሮዎቹን ላይብረሪዎች አድራሻ ይዞ ይቀጥላል።